ራዴን የማይባለው ልጅ

እሑድ፣ ኤፕሪል 14

ባሌ ዳዳንግ የኋላውን ክፍል ቀለም እየቀባ ነው። ባለፈው ሳምንት ነጭ ቀብቶት ነበር፤ «እንደ ክሊኒክ ሆነ» ብሎ ዛሬ በክሬም እየደገመው ነው። አባቱ ቅዳሜ ከኢንዶኔዥያ ወደ ሜልበርን ይመጣሉ።

እኔ ሶፋው ላይ እግሬን ሰቅዬ ተጋድሜያለሁ። የደም ፕረሸሬ ከፍ ስላለ ሐኪሟ ሥራ ከለከለችኝ። እስክወልድ ድረስ ሕፃናት የምጠብቅበት ቻይልድኬር የሚባል የለም። ልጆቹ ገና ካሁኑ ናፈቁኝ። አባቱ ሲመጡ ቀኑን ሙሉ ሁለታችን ብቻ ልንውል ነው። ምን እላቸዋለሁ? ምንስ ይሉኛል?

እዚህ ቤት አማርኛ የሚያነብ ከእኔ ሌላ የለም። ዳዳንግ ፊደሉን ሲያይ የሚጨፍሩ ሰዎች ይመስሉኛል ይላል። እንግዲህ እንደ ልቤ ልጻፍ።

ዳዳንግ ሱንዳ ነው። የአገሬ ሰው እትዬ የሺሃረግ እስከ ዛሬ ሱዳናዊ ነው የሚመስላቸው። ጃቫ ከምትባለው ደሴት በስተምዕራብ ያለ ሕዝብ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አስረዳኋቸው፤ «ይሁን፣ ብቻ ጨዋ ነው» ይሉኛል። ጨዋስ ነው። የአባቱ ዘር «ራዴን» ነው የሚባለው። እንደኛ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛውን አይሾሙትም፣ ይወለዱታል። የሚተላለፈውም በአባት ብቻ ነው። ሁለቱ እህቶቹ ራዴን ያልሆነ ሰው ስላገቡ ልጆቻቸው ማዕረጉ የላቸውም። የቀረው ዳዳንግ ነው። ዳዳንግ ደግሞ እኔን፣ የኮምቦልቻዋን ፈጡማን አገባ፤ ልጅ ሳናገኝም ብዙ ዓመት ኖርን። አሁን ሆዴ ውስጥ ያለው ወንድ ነው።

ስንጋባ ስለዚህ ነገር አንስቶ አያውቅም። አውቶቡስ የሚነዳበት ዲፖ ውስጥ «ዳን» ነው የሚሉት፤ እሱም አቤት ይላል። ስካኑ ወንድ ነው ካለ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ከስሙ በፊት ራዴን ይጻፍ ይላል። አባቱም ለዚህ የሚመጡ ይመስለዋል።

እኔን አይመለከተኝም። የፈለገውን ይጻፍ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20

መጡ። ኤርፖርት ስንጠብቅ ትልቅ ግርማ ያለው ሰው ነበር የታየኝ። የወጡት ግን ትንሽዬ፣ ቀጭን፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ። ዳዳንግ ያስጠናኝን የሰላምታ ቃል ረሳሁትና ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። እሳቸውም ደንግጠው ጎንበስ አሉ። ሁለታችንም ጎንበስ እንዳልን ሻንጣ የሚገፋ ሰው ኤክስኪዩዝ ሚ አለን።

«ኔንግ» ይሉኛል። የኔ ልጅ፣ እመቤቲቱ እንደማለት ነው። በመኪና ስንመለስ ዳዳንግ በኩራት አስረዳኝ፤ ድሮ በዚህ ቃል የሚጠሩት የራዴን ሴት ልጆች ብቻ ነበሩ። አባቱ ከኋላ ሆነው ሰሙትና ዛሬ በከተማችን በጋሩት የአኩሪ አተር ቶፉ የሚጠብሰው ሰውዬም ያለፈችውን ሴት ሁሉ ኔንግ ነው የሚላት አሉ። ሳቅሁ። ዳዳንግ አልሳቀም።

አፓ እላቸዋለሁ፤ አባት ማለት ነው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ቸኩያለሁ፤ አዋላጇ፣ ሚድዋይፏ፣ ልትመጣ ነው። አፓ ከእኔ ቀድመው ተነስተው ግቢውን ጠርገዋል። እንግዳ ግቢ ይጠርጋል? ዳዳንግ ቢያይ ያብዳል። መጥረጊያውን ደበቅሁት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 23

መጥረጊያውን አገኙት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 28

ሻወር ውስጥ መስያቸው ነው መሰለኝ፣ አባትና ልጅ ኩሽና ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ደረስኩ። በሱንዳኛ ነው። ከሱንዳኛ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ስሜን ግን አውቃለሁ፣ ራዴንን አውቃለሁ፣ «ኡላህ»ንም አውቃለሁ። ኡላህ አታድርግ ማለት ነው፤ ዳዳንግ የጎረቤቱን ድመት ከግቢ ሲያባርር የሚለው። አፓ ሁለት ጊዜ አሉት። ፈጡማ አሉ፣ ከዚያ ኡላህ።

ስገባ ዝም አሉ። አፓ ወንበር ሳቡልኝ። አመሰገንኩና ተቀመጥኩ።

የገባኝ ገብቶኛል። የባዕድ ሴት የወለደችው ራዴን አይባልም ማለታቸው ነው። አይከፋኝም። እኔ መቼ ጠየቅኋቸው?

ወንበሩን ግን ለምን ይስባሉ?

ረቡዕ፣ ሜይ 8

እትዬ የሺሃረግ ከፍሌሚንግተን ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ። የፋሲካውን ድፎ ዳቦ ይዘውልኛል፤ «ሥጋው ያንቺ ስላልሆነ ዳቦውን አበዛሁልሽ» አሉኝ። ሪፉጂ ሆነው የመጡ ጊዜ ወፍራም ሹራብ የሰጠቻቸውን አውስትራሊያዊት ታሪክ ለአፓ በአማርኛ ተረኩላቸው፤ አፓም በሱንዳኛ የሆነ ነገር መለሱላቸው። አንዳቸውም የሌላውን አልሰሙም፤ ግን ዳቦው አለቀ።

አፓ ሊሰግዱ ሲገቡ የማዕረጉን ነገር ለእትዬ የሺሃረግ አነሳሁላቸው። አባታቸው ቀኛዝማች ነበሩ። እንዲህ አሉኝ፤ እናታቸው ወይዘሮ ሲባሉ በዚያ አገር ሌላ ወይዘሮ አልነበረም። ቃሉ ለመኳንንት ልጅ ብቻ ነበር። አሁን የድጎማ መሥሪያ ቤቱ የሴንተርሊንክ አስተርጓሚ ስልክ ላይ ያገኛትን ሁሉ ወይዘሮ ነው የሚላት፤ ትዳር ከያዘች በቃ።

«አልነጠቁንም እኮ፣» አሉኝ። «ለሁሉም አደሉት።»

ያሳዝናል ወይ አልኳቸው። በበዓል ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቂኝ ብለው ሳቁና ወጣት ሴት መስለው አውቶቡሳቸውን ለመያዝ ሮጡ።

ደስ የሚል ቀን ነበር። ፕረሸሬም ወርዷል።

እሑድ፣ ሜይ 12

የቻይልድኬር ባልደረባዬ ፍዮሪ ደወለችልኝ። ሕፃናቱ ፈጡማ የት ሄደች እያሉ ነው አለች። ወሬ ወሬን ሲያነሳ የዳዳንግን የዘር ነገር ነገርኳት። ፍዮሪ ጮኸች፤ «የልዑል እናት ልትሆኚ ነው በይኛ!» ልዑል እንኳ አይደለም አልኩ። ግን በሚገባ አላስተባበልኩም። ከዘጋሁ በኋላ ፖስታ ጀርባ ላይ የልጄን ስም ከነማዕረጉ በፊደል ጻፍኩት። ለማየት ያህል ነው። ቆንጆ ነው። በእንግሊዝኛም ጻፍኩት።

ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩ። ምን ነካኝ? ለምንስ ለፍዮሪ ነገርኳት? ሰኞ ሻይ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ይሰማል።

እሑድ፣ ሜይ 19

ዛሬ እራት ላይ ወጣ።

ዳዳንግ ሳምንቱን ሙሉ የጠዋት ሺፍት ስለነበር ደክሞታል። ሩዙን ሳይነካ አባቱን በቀጥታ ጠየቃቸው። እኔ እንድሰማ ብሎ ይመስለኛል፣ በሱንዳኛ ሳይሆን በኢንዶኔዥኛ ነበር። ልጁ ራዴን ተብሎ እንዲጻፍ ይመርቁልኝ አለ። አፓ ማንኪያቸውን አስቀመጡና እምቢ አሉ። በትህትና ነው እምቢ ያሉት፤ ምክንያቱን አልተናገሩም።

ዳዳንግ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም፦

«እዚህ አገር እኔ ማንም አይደለሁም፣ አፓ። ሰው ይሳፈራል፣ ይወርዳል፣ ፊቴን አያየውም። ልጄ ከኋላው ሰው እንዳለው ይወቅ።»

«ከኋላው ሰው አለው፣» አሉ አፓ። «ይኸው ተቀምጫለሁ።»

ዳዳንግ ተነስቶ ወጣ። መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ የሄደው ግን ጥግ ድረስ ነው፤ መብራቱን በመስኮት አየው ነበር። አፓ ሳህኖቹን አነሱ። ልርዳዎት አላልኩም። እናትየዋ እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ማወቅ የለብኝም? ወይስ ምክንያቱ እኔው ነኝ?

ሐሙስ፣ ሜይ 23

ቤቱ ዝም ብሏል። ዳዳንግ ተጨማሪ ሺፍት ወስዷል። እኔ ክፍሌ ነኝ፤ አሞኛል እላለሁ። ፕረሸር ዛሬም ከፍ አለ። ሚድዋይፏ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት።

አፓ የሩዝ ገንፎ ሠርተው በር ላይ አስቀምጠውልኛል። ዝንጅብል አለበት። በላሁት። ጣፋጭ ነው።

ሳህኑን ባዶውን መልሼ በር ላይ አኖርኩት እንጂ አመሰግናለሁ አላልኩም። እናቴ ብታየኝ!

ማክሰኞ፣ ሜይ 28

ይሄንን በደንብ ልጻፈው።

ፀሐይ ስለነበረ ሚድዋይፏ ቀስ ብለሽ ትንሽ ሂጂ አለችኝ። አፓ ጃኬታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ወደ ማሪቢርኖንግ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ሄድን፤ እኔ ስቆም እየቆሙ። አግዳሚ ወንበር ስናገኝ ተቀመጥኩ። ልጁ የተቆጣ ይመስል ሆዴ ውስጥ ይራገጣል። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ጠየቅኋቸው፤ ልጄ ራዴን የማይባለው በእኔ ምክንያት ነው ወይ?

«አዎ፣» አሉኝ።

ተነስቼ ልሄድ ነበር። ሆዴ ባይከብድ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ። በእኔ ስብርባሪ ኢንዶኔዥኛና በእሳቸው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው የተነጋገርነው፤ የገባኝን ልጻፍ።

እናታቸው የራዴን ዘር አልነበረችም። የሻይ ለቃሚ ልጅ ነበረች፤ አባታቸው በሦስተኛ ሚስትነት አገቧት። ልጁ ራዴን ሆኖ ተወለደ፤ እሷ ግን እንደነበረች ቀረች። ስለዚህ የገዛ ልጇ ባለበት ወንበር ላይ አትቀመጥም። ስሙን አትጠራም፤ «አዴን» ነበር የምትለው፤ ጌታዬ እንደማለት። ሱንዳኛ ደግሞ ከአማርኛም የባሰ ነው፤ ለትልቅ ሰው የሚባለው መብላትና ለትንሽ የሚባለው መብላት ቃሉ ራሱ ይለያያል። እሷ ለልጇ የትልቁን ነበር የምትናገረው። ትንሽ ልጅ ሆነው ወባ ይዟቸው ሲንቀጠቀጡ ራስጌያቸው ተንበርክካ «ጌታዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይጠጡ» ትላቸው ነበር። የጎረቤት ልጆች እናቶች አንተ፣ ና፣ ብላ፣ ተኛ እያሉ ሲጮኹ በአጥር ቀዳዳ ይሰሙና ይቀኑ ነበር።

አድገው፣ አስተማሪ ሆነው፣ አገሩም ተለውጦ፣ ማዕረግ ማለት የመቃብር ድንጋይ ላይ ብቻ የሚጻፍ ነገር ሲሆን፣ እናት እንዳለች ነበረች። ልትሞት ስትል አልጋዋ ላይ ተቀምጠው ለመኗት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ማንም እናት ጥሪኝ አሏት። አልሆነላትም። ይቅርታ ጠየቀቻቸው። «ምላሴ ለምዶት ነው፣ አዴን» አለች። በማግስቱ ሞተች።

ይሄን ለዳዳንግ ነግረውት አያውቁም።

እዚህ ሜልበርን ነው፣ ማን እንደዚያ አድርጊ ብሎ ያስገድደኛል አልኳቸው። ወንዙን እያዩ መለሱልኝ።

«የሚያስገድድሽ የለም፣ አውቃለሁ። እናቴንም ያስገደዳት ሰው አይቼ አላውቅም።»

ውሻ ይዛ የምታልፍ ሴት ሰላም አለችን። ከዚያ አፓ ለዳዳንግ አንቺ ንገሪው አሉኝ፤ እሳቸው አባት ስለሆኑ ያንን ማውራት አይችሉም። ኡላህ ያሉበትን ቀን አስታወስኩ። ፈጡማን እንደዚያ አታድርጋት ማለታቸው ነበር። እኔ ደግሞ ስንት ሳምንት አኮረፍኳቸው።

ስንመለስ ክንዳቸውን ሰጡኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 29

ነገርኩት። ጫማውን እየፈታ ነበር፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ረሳው። አያቱን የሚያውቃት በፎቶ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ፎቶው ላይ አባቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ መሬት። እሱ ሁልጊዜ መሬት ላይ መቀመጥ የምትወድ ሴት ትመስለው ነበር።

በአንድ እግር ጫማው ወደ አባቱ ክፍል ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ጆሮዬን በር ላይ አላስጠጋሁም ለማለት ነው። ባስጠጋም አይሰማም፣ ቲቪው በርቶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁን 1

አባትና ልጅ መኪና እያጠቡ ነው። መኪናው ንጹሕ ነው፣ ሐሙስ አጥቦታል። ደግ አደረጉ።

ሐሙስ፣ ጁን 13

ሆስፒታል ነኝ። ፕረሸሩ አልወርድ አለ፤ ነገ ጠዋት በመድኃኒት ምጥ ያስጀምሩኛል። አልፈራሁም። ትንሽ ፈርቻለሁ። አፓ ከቁርኣን ያሲንን እየቀሩ ነው፣ በቴሌፎን አሰሙኝ። እትዬ የሺሃረግ ለማርያም ተስያለሁ ብለው ላኩብኝ። ሁለቱም ይድረስልኝ።

እሑድ፣ ጁን 16

አልሐምዱሊላህ። ዓርብ ማታ መጣ። ኢድሪስ። ኢድሪስ ዳዳንግ፣ ከፊቱ ምንም የለም። ሚድዋይፏ ስሙን ስትጠይቅ ዳዳንግ ራሱ ነው የነገራት። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ለስሙ አይደለም፤ ለሁሉም ነው። ስለ ራዴን ምንም የቀረብኝ ነገር የለም። ፍዮሪን እንኳ ምን እንደምላት አስቤያለሁ።

ደረቴ ላይ ሲያስቀምጡት ከአፌ የወጣው «አንቺ! መጣሽ?» ነው። የኮምቦልቻ አፌ። ዳዳንግ አማርኛ ባይችልም ይሄን ያህል ያውቃልና ደነገጠ፤ ወንድ ነው አለኝ፣ ያላየሁ መስሎት። እኛ አገር ፍቅር ሲበዛ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ እንላለን ብዬ አስረዳሁት። ወጥቶ ለአባቱ ነገራቸው። አፓ ኮሪደር ላይ ሲስቁ እስከ አልጋዬ ተሰማኝ።

ዛሬ ዓረፋ ነው። ዳዳንግ ከመስጊድ በቀጥታ መጣ፣ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ። ልጁን አቅፎ በሱንዳኛ ለትንሽ ሰው በሚነገረው ቋንቋ ያወራዋል፤ የመንደር ልጅን በሚያናግሩበት።

ማክሰኞ፣ ጁን 25

እንቅልፍ የለም። ጡት፣ ናፒ መቀየር፣ ጡት። ደስ ብሎኛል።

አፓ ናፒ ያጥፋሉ። የሚጣለውን ናፒ ነው የሚያጥፉት፣ ገና ከፓኬቱ ሲወጣ። አልከለከልኳቸውም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ቅዳሜ ይሄዳሉ፤ ቪዛቸው ያበቃል። ዳዳንግ በዓመቱ ተመልሰው እንዲመጡ ማመልከት ጀምሯል።

ዛሬ ከሰዓት ዝናብ ነበር። ኢድሪስ ጭኔ ላይ ሆኖ አንተ ሆዳም፣ አንተ ቀበጥ እያልኩ አጫውተዋለሁ። አፓ አጠገባችን ተቀምጠው ይሰማሉ። አንተ የሚለውን ቃል ለይተው ይዘውታል። ድንገት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ልጅ አፈሩና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ኔንግ፣ እኔንም አንድ ጊዜ እንደዚያ በይኝ። በእናንተ ቋንቋ ይሁን፣ ማንም አይሰማም።»

ምን ማለት እንደፈለጉ ገባኝ። ልላቸው ፈለግሁ፤ እውነት ለመናገር ከዚህ በላይ የምሰጣቸው ነገር አልነበረኝም። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ። «አፓ፣ አን...» አልኩና ቆምኩ። እንደገና ሞከርኩ። የወጣው «አፓ፣ እርስዎ» ነው። ሦስተኛ ሞከርኩ፣ ያው ነው። በአባቴ ዕድሜ ያለን፣ ገንፎ በር ላይ ያስቀመጠልኝን ሰው አንተ የሚል ምላስ የለኝም። አፈርኩ። የአማርኛው «እርስዎ» ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እምቢ ብዬ አይደለም፣ ስለምወድዎት ነው አልወጣልኝ ያለው አልኳቸው።

አፓ ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

«እሷም እንዲህ ሆና ነበር ማለት ነው» አሉ።

ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጁን ሰጠኋቸው።